ዩዋን አፕን ሐረጎ አወጣሁት

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ይሠራል። እናቱም ዘመድ አዝማዱም ደሴ ነው ያለው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ሐረጎን፣ በሚኒባስ ይወጣል፣ ይወርዳል። ባለፈው ወር ደወለልኝና «አክስቴ፣ መኪና ልገዛ ነው። አንቺ ካልነዳሽው ግን ቀብድ አላስይዝም» አለኝ።

እኔን የፈለገው መካኒክ ስለሆንኩ አይደለም። ደሴ ፒያሳ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ኮምቦልቻም አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቤተሰቡ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ያለኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ፎልክስቫገን አይዲ ፎር ክሮዝ ነው። ከአዲስ አበባ በሎቤድ ተጭኖ ሲመጣ ሰፈሩ ወጥቶ «ገና ሳይነዳ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። አሁን የሳቁት ሰዎች ናቸው ቻርጀር በስንት ይገዛል እያሉ የሚጠይቁኝ።

ልጁ የመረጠው ቢዋይዲ የሚባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ መኪና፣ ዩዋን አፕን ነው። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ከውጭ ማስገባት እንደቀረ ከተነገረ ከጥር 2016 ወዲህ አዲስ መኪና ማለት ኤሌክትሪክ ሆኗል። አሮጌ ቪትዝ ልግዛ ብሎ ዋጋ ጠይቆ ነበር። ዋጋውን ሲሰማ ሳቀ፣ ከዚያ ተናደደ፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪኩ ዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ ሻጮቹ ጋ ሄድን። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይገባችኋል። መኪናው ነጭ ነው፣ ታጥቦ ያብለጨልጫል፣ መቀመጫው ላይ ያለው ፌስታል ገና አልተነሳም። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። በሩን ከፈተልኝና ወዲያው ስለ ስክሪኑ ጀመረ። ስክሪኑ 12.8 ኢንች ነው፣ በአንድ ቁልፍ ከአግድም ወደ ቁም ይዞራል። አንዴ አዞረው። ደግሞ አዞረው። እኔም የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ በእንዲህ ያለ ነገር ነው አፌን የከፈትኩት። አሁን ግን ጥያቄዬ ሌላ ነው።

«ፖርታባጋሊዮውን ክፈትልኝ» አልኩት።

ምንጣፉን አነሳሁ። ስኮርታ የለም። ጎማ ቢተነፍስ የሚሞላ ማሽንና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ነው ያለው። የኔም እንደዚሁ ነው፣ ስለዚህ አልገረመኝም። ግን ማጣበቂያው ሚስማር ለወጋው ጎማ እንጂ ጉድጓድ ጎኑን ለቀደደው አይሆንም። ገዢ ሁሉ ዋጋው ላይ የአንድ ጎማና የአንድ ክሪክ ሒሳብ ከመጀመሪያው ይደምር። ሻጩ «ጎሚስታ በየቦታው አለ እኮ እትዬ» አለኝ። አለ። ችግሩ ጎሚስታው ወደ ሐረጎ ኩርባ አይመጣም።

ቀጥሎ ከራሴ መኪና ሁለት ጣቃ ጨርቅ አውጥቼ ጫንኩበት። የኋላ ወንበሩ ሳይታጠፍ ጣቃው በአግድም አልገባም። ሲታጠፍ ግን እንደልብ ነው። ልጁ የሚጭነው መድኃኒት ስለሆነ ይህ የሱ ጭንቀት አይደለም፣ የኔ ነው። ለነጋዴ ግን እንዲታወቅ ያህል ጽፌዋለሁ። የመኪናው ርዝመት 4.31 ሜትር ነው፣ የኔው 4.59። ቁጥሩ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል፣ ፒያሳ ላይ መኪና ማቆሚያ ስትፈልጉ ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ጎንበስ ብዬም ከሥሩ ያለውን ከፍታ በእጄ ለካሁ። ስንዝሬ አልሞላም። ለአስፋልት ይበቃል። ደሴ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚኖር ሰው ግን በክረምት ውሃ ቦይ ያወጣበትን ኮረኮንች አስቀድሞ ያስብ። የዚህ መኪና ባትሪ ያለው ወለሉ ሥር ነው። ቤንዚን መኪና ሆዱን ድንጋይ ቢነካው ይንኳኳና ያልፋል። ይሄ ሲነካው የባለቤቱም ሆድ አብሮ ይነካል።

«በሉ እንንዳው» አለ ሻጩ። መንገዱን ቀድሞ መርጧል፤ በአየር ማረፊያው በኩል፣ ሜዳ ሜዳውን፣ ሄዶ መመለስ።

«ሐረጎን ነው የምወጣው» አልኩት።

«እትዬ፣ ያ ሩቅ ነው።»

«ገዢው በየሳምንቱ የሚወጣው እሱን ነው። ሜዳ ላይ ማን የማይነዳ አለ?»

ወደ አለቃው ደወለ። ወዲያና ወዲህ እያለ ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ የኔን መኪና ቁልፍ በመያዣነት አስቀምጬ፣ ሻጩ አብሮን ሆኖ እንድንሄድ ተስማማን። ስንነሳ ባትሪው 71 ፐርሰንት ይላል። ቁጥሩን ልጁ ስልኩ ላይ ጻፈው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ናት። ደሴ ወደ 2500 ትጠጋለች። መሐላቸው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መኪናው የሚጓዘው መንገድ ብቻ አይደለም፣ ከ600 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ መነሳትም አለበት። ሻጩ የሚነግራችሁ «በአንድ ቻርጅ 401 ኪሎ ሜትር» ሲ.ኤል.ቲ.ሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ነው። ያ መለኪያ ሐረጎን አያውቅም። እኔ ከእንዲህ ዓይነት ቁጥር ላይ ሩቡን ወዲያው እቀንሳለሁ፣ ዳገት ካለ ደግሞ ትንሽ እጨምርበታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሒሳብ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ወጣን። እዚህ ላይ መኪናውን ወደድኩት። ሞተሩ 130 ኪሎ ዋት ነው፣ በድሮው አቆጣጠር 177 የፈረስ ጉልበት። የኔው ከዚህ በጉልበት ይበልጣል፣ ግን በክብደትም ከ500 ኪሎ በላይ ይበልጣል። ይሄኛው ቀሊል ነው። ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ኩርባው ላይ እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው ደረስን። በቤንዚን መኪና ይህን ማለፍ ማለት ማርሽ መቀነስ፣ ሞተሩን ማስጮህ፣ ሱረቱል ፋቲሃ መቅራት ወይም ማማተብ ነው። እዚህ አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ረገጥኩ፣ አለፍኩ። ልጁ ከኋላ «ማሻአላህ!» አለ። ሻጩ በሩን ይዟል።

ሌላው ተሳቢ ጋ ግን ቆም ማለት ነበረብን። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ዳገት ላይ ቆመን ስንነሳ ጠንከር አድርጌ ብረግጥ የፊት ጎማዎቹ ቺርር ብለው ባዶ ዞሩ፣ ከዚያ መኪናው ራሱ ገታቸውና ተነሳን። ይሄ ብልሽት አይደለም። ዩዋን አፕ የሚጎተተው በፊት ጎማ ነው። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊቱ ይቀላል። የኔው በኋላ ጎማ የሚገፋ ስለሆነ ዳገትና እርጥበት ሲገናኙ ይረጋጋል። ለልጁ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቆምክበት ስትነሳ እንቁላል እንደረገጥክ አድርገህ ርገጥ።

ደሴ ስንገባ 57 ፐርሰንት። አሥራ አራት በላ ማለት ነው። ባትሪው ሲሞላ የሚይዘው 45.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ ከስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ መሆኑ ነው። የኔው ለዚሁ ዳገት አሥር ፐርሰንት ያህል ይጠይቃል። ይህን ሰምታችሁ የኔው ቆጣቢ ነው እንዳትሉ። የኔው ባትሪ በእጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ ነው ፐርሰንቱ ያነሰው። በመብራት ሒሳብ ይሄኛው ያንሳል። ፐርሰንት ብቻ እያዩ ሁለት መኪና ማወዳደር በትልቅና በትንሽ ማሰሮ ያለ ጠላን በጣት እየለኩ እንደማወዳደር ነው።

እህቴ ቤት ጎራ አልን። ሰፈሩ መብራት የለም። እህቴ ከሰል ልታያይዝ ስትል ሻጩ ከፖርታባጋሊዮ አንድ ሽቦ አወጣ። አንደኛው ጫፉ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ይሰካል፣ ሌላኛው ጫፉ ሶኬት ነው። መኪናው በተራው 220 ቮልት ይሰጣል። ይህን በወሬ አውቀዋለሁ፣ በዓይኔ ግን አላየሁትም ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃውን በረንዳው ላይ ሰካን። ጀበናው ፈላ። ጎረቤት በአጥር አሻግሮ «መብራት መጣ?» ይላል።

እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። የኔው ይህ ነገር የለውም። ጉልበቱን፣ ስፋቱን፣ የኋላ ጎማውን ሁሉ እያወዳደርኩ ራሴን ሳጽናና ነበር። ጀበናው ሲፈላ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄ ላይ ይህን ሁሉ ባትሪ አቁሜ በሻማ ስቀመጥ ኖሬያለሁ። አቦልና ቶና ጠጣን። ለበረካ ሻጩ አላስቆየንም፣ አለቃው ሦስቴ ደውሏል። ስንነሳ 55 ይላል። ቡናው ሁለት ፐርሰንት እንኳ አልሞላ ይሆናል።

ቁልቁለቱን ልጁ ነዳው፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ እያየሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ሲወርድ እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ በዚያውም መብራት እያመነጨ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ዩዋን አፕ ለዚህ ሁለት ደረጃ አለው፣ መደበኛና ከፍተኛ። ከፍተኛው ላይ አድርገነው እንኳ የኔው «ቢ» በሚባለው፣ አጥብቆ በሚይዘው ማርሽ ላይ ሲሆን የሚይዘውን ያህል አይዝም። ብዙ ኩርባ ላይ ፍሬን መንካት ነበረበት። ይህ የልማድ ጉዳይ ነው፣ አደገኛ ነገር አላየሁም። እኔ ግን ሐረጎን ፍሬን ሳልነካ መውረድ የለመድኩ ሰው ስለሆንኩ ቀኝ እግሬ ባዶውን ወለል ሲረግጥ ዋለ። ልጁ «አክስቴ፣ ከአንቺ በኩል ፍሬን የለም» እያለ ይስቃል።

ኮምቦልቻ ደረስን፣ 54። ደሴ ድረስ አሥራ አራት የበላው መኪና ሲመለስ በአንድ ፐርሰንት ወረደ። ሻጩ ራሱ ስክሪኑን ሁለቴ አየው። መኪናውን በየቀኑ ይሸጣል፣ ሐረጎን አውጥቶት ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ ለደሴ ሰው አንድ ነገር። ማታ መቶ ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል አትውረዱ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ሞተሩ የሚያመነጨውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ መያዙን ይተወዋል፣ ሐረጎን በፍሬን ብቻ ትወርዳላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሳላውቅ ወርጄ፣ መኪናው ከዳኝ ብዬ ላብ አጥምቆኛል። አሁን ሰማንያ ላይ አቆማለሁ። የኔው ባትሪ ኒኬል ያለበት ዓይነት ስለሆነ ለዕድሜውም የሚመከረው እሱ ነው። የዩዋን አፕ ባትሪ ደግሞ ሌላ ነው፣ የብረትና የፎስፌት። እሱ መቶ መሙላትን አይፈራም፣ እንዲያውም የሚያሳየው ፐርሰንት እንዳይዛባ አልፎ አልፎ መቶ ቢሞላ ይመረጣል። ልጁ የሚያድረው ኮምቦልቻ ነው። መቶ ሞልቶ ጠዋት ሽቅብ ነው የሚጀምረው። ለሱ ልክ ነው። የኔው ለደሴ፣ የሱ ለኮምቦልቻ።

ከዚያ ቢሮ ገብተን ሻይ ታዘዘልን። እኔም ጥያቄዬን ጀመርኩ።

ባትሪው ቢታመም ማን ይከፍተዋል? «አዲስ አበባ ባለሙያ አለን።» መኪናው ካልተንቀሳቀሰስ ማን ነው አዲስ አበባ የሚወስደው? ዝም። የፊት መስታወት ቢሰበር? «እናስመጣለን።» በስንት ጊዜ? «አብሽሩ እትዬ፣ ይመጣል።» ዋስትናው ላይ ባትሪ የሚል ቃል በጽሑፍ አለ? ወረቀቱን አገላበጥን። የለም። በአፍ ስምንት ዓመት ነው የተባልነው፣ ወረቀቱ ላይ ስለ ባትሪ አንድ መስመር የለም። ስማቸውን ያልጠራሁት ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም ይህ የነሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ስገዛ የተሰጠኝ ወረቀት ከዚህ አይሻልም ነበር። ልጁን «ስምንት ዓመቱን አስጽፈህ ማኅተም አስመታ፣ ካልሆነ ዋጋ ቀንሱ በል» አልኩት። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ብር ከተንሳፈፈበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመኪና ዋጋ መጻፍ ውሃ ላይ መጻፍ ነው።

ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። እንግሊዝኛ ይደረጋል ተባልን፣ «ሳይደረግ አንረከብም» አልን። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ የት እንዳለችም አስከፍቼ አየሁ፣ ኮፋኖ ሥር ናት። ሻጩ ለምን እንደጠየቅኩ አልገባውም። እኔ አንድ ጊዜ መኪናዬን ወር ሙሉ አቁሜ አዲስ አበባ ሰነበትኩ። ስመለስ በሩ እንኳ አልከፈት አለኝ። ትልቁ ባትሪ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው፣ ትንሿ ግን ሞታለች፤ እሷ ከሌለች ትልቁ አይነሳም። ጎተራው ሙሉ፣ ቁልፉ የለም። ጥፋቱ የራሴ ነበር። አሁን ራቅ ብዬ ስሄድ በሳምንት አንዴ የሚያስነሳልኝ ሰው አለ።

መኪናው አለፈ እንበል። እንግዲህ የቀረው የሚያድርበት ቤት ነው። ልጁን «አሁን ቤትህን አሳየኝ» ስለው ግራ ገባው።

የሚከራየው ግቢ ውስጥ ካሉት ሦስት ቤቶች አንዱን ነው። ቆጣሪው አንድ ነው፣ በአከራይዋ ስም። ሽቦው አሮጌ ነው፣ ያመለጠ መብራት ሰው እንዳይዝ ወደ መሬት የሚያወርደው ምድር ሽቦ የሚባል ነገር የለም። ከመኪናው ጋር የሚሰጠው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ደግሞ ምድር ሽቦ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። እኔ ቤት የመጀመሪያው ሌሊት እንዲህ ሆኖ፣ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብዬ ሰው ሳስቸግር አነጋሁ። ኤሌክትሪሺያኑ ጓሮ ዘንግ ቀብሮ፣ ከሰልና ጨው አልብሶ፣ ውሃ አፍስሶበት ነው የተፈታው። በበጋ እስካሁን አልፎ አልፎ ውሃ አጠጣዋለሁ። ጎረቤት ችግኝ የተከልኩ ይመስለዋል።

አከራይዋ ትልቅ ሴት ናቸው። ቡና አቀረቡልን፣ እኛም የመጣንበትን ነገርናቸው። ልጁ «እማማ፣ መኪና ልገዛ ነው፣ ማታ ማታ እዚህ ቻርጅ ባደርገው ምን ይላሉ?» አላቸው። እሳቸው ወደኔ ዞሩ።

«ስንት ምጣድ ይበላል?»

በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰማሁት ጥያቄ ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ እንደመጣድ ነው፣ ያ ሽቦ አይችለውም። ተንቀሳቃሹ ግን 2 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው፣ ከአንድ ምጣድ ያንሳል። ደሴ ደርሶ መልስ የበላውን ለመመለስ አራት ሰዓት ገደማ ይሰካል። ባዶውን ከዜሮ ልሙላ ካለ ግን ከሃያ ሰዓት በላይ ነው። ይህን ሁሉ በምጣድ አስረዳኋቸው። «ሌሊቱን ሙሉ እንጀራ ሲጋግር ሊያድር ነዋ» አሉ፣ ግን አልተቆጡም።

ልጁ ሽቦውን በራሱ ወጪ ከቆጣሪው አንስቶ ሊያስቀይር፣ ምድር ሽቦ ሊያስቀብር፣ ለመኪናው ብቻ ማከፋፈያ ቆጣሪ ሊያስገባ ተስማሙ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጃቸውን ከመኪናው ላይ ሊሰካላቸው እንደሚችል ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ ግን የመኪናውን ማቆሚያ እሳቸው ራሳቸው መረጡለት፣ ከሳሎናቸው መስኮት ሥር።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ። ማክሰኞና ዓርብ ምጣድ የሚጣድበት ቀን ነው፣ ከመግሪብ በፊት ምንም አይሰካም።